መቶ ሰባ ዘጠኝ ወር

ፊት ለፊት «ሐጅ፣ እርስዎ» እያልኩ ሃያ ሦስት ዓመት ያገለገልኩትን ሰው እዚህ ላይ «እሱ» እያልኩ ብጽፈው ማንም አይፍረድብኝ። ሐጅ ነውፋን በዮርዳኖስ፣ በዛርቃ ከተማ የአንድ ትልቅ ዳቦ ቤት ባለቤት ነው። እኔ ኢንሺራሕ እባላለሁ፤ ሰው ሁሉ የሚጠራኝ ግን በልጄ ስም፣ ኡም ጃድ እያለ ነው። የዳቦ ቤቱ ጸሐፊ ነበርኩ። ከምድጃው ጀርባ የዱቄት ጆንያ በሚደረደርበት ክፍል ውስጥ አንድ ጠረጴዛና አንድ ኮምፒውተር ነበረኝ። ወር በገባ ቁጥር የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር ለማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት እልካለሁ። በዝርዝሩ ላይ ላለ ሰው ወሩ ይቆጠርለታል። ስሙ የሌለ ሰው ግን ምድጃ ፊት ቆሞ ላቡ ጠብ ሲል ቢውልም፣ በመንግሥት ዓይን ቤቱ እንደተኛ ነው።

የምነግራችሁ ስለ መህራን ነው። መህራን የላይኛው ግብፅ ሰው ነው፣ ከሶሃግ። ዳቦ ጋጋሪ ነው። አጠር ብሎ ትከሻው ሰፊ፣ ቅንድቡ ሁልጊዜ ዱቄት የነካው፣ ድምፁ የሻከረ። ግብፆቹ ታላቅን ሰው «ዓም» ብለው ነው የሚጠሩት፤ እሱን ሁላችንም፣ ዮርዳኖሶቹም ጭምር፣ ዓም መህራን እንለው ነበር። የሶሃግ ሰው ነው ተብሎ የማይቀለድበት ቀን አልነበረም፤ እሱ ራሱ ከሁሉም የባሰውን ቀልድ ያውቅ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ በሬን በክርኑ እየገፋ ይገባና የምሳ ዕቃዬን አጮልቆ ያያል።

«ዛሬ ምን ይዘሻል ኡም ጃድ?»

«ሙሉኪያ።»

«ቅጠሉን ከትፈሽዋል?»

«አልከተፍኩትም። ሰው እንደሚበላው ነው የሠራሁት።»

«አይ እናንተ! ባል ነው ያገባሽው ወይስ በግ?»

«እናንተ ደግሞ ከትፋችሁ ከትፋችሁ ንፍጥ ታደርጉታላችሁ።»

ሙሉኪያ የቅጠል ወጥ ነው፤ ግብፆቹ ቅጠሉን ይከትፉታል፣ እኛ አንከትፈውም። እንዲህ ተሳድበን ስናበቃ ግማሹን እሰጠዋለሁ፤ በትኩስ ክማጅ ዳቦ ጠራርጎ ሳህኑን ታጥቦ የመጣ ያስመስለዋል። «ለሣር ምንም አይልም» ብሎ ይወጣል።

ሚስቱ ናጋት አገር ቤት፣ መንደሩ ናት። ያለቻቸው አንድ ልጅ ዓዋጢፍ ናት፤ ከተወለደች ጀምሮ እግሯ አይታዘዝላትም። ዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው፣ እናቷ ናት አዝላ ወደ ደጅ የምታወጣት። መህራን ከሚስቱ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር የኖረበትን ጊዜ አንድ ቀን ቆጥሮ ነገረኝ። በአርባ ዓመት ትዳር ውስጥ አራት ዓመት አይሞላም። ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር፤ እኔ ግን ቤቴ ሄጄ ባሌን ያለ ምክንያት ተቆጣሁት።

እነሱ ዘንድ አንድ ልማድ አለ። ግብፃዊው ሠራተኛ ዓመታት ከሠራ በኋላ ገንዘብ ሲቸግረው «ከእንግዲህ ጠቅልዬ አገሬ ገብቻለሁ» ብሎ ይፈርማል፣ ለዋስትናው የተዋጣለትን ባንድ ጊዜ ያወጣል፣ ይሄዳል። ስድስት ወር ሳይሞላው በአዲስ የሥራ ፈቃድ ተመልሶ ይመጣል። ያላደረገው የለም። ባወጡት ገንዘብ ጣሪያ ይሠራሉ፣ ልጅ ይድራሉ። ገንዘቡ ሲወጣ ወሮቹም አብረው እንደሚወጡ፣ ሰውየው ሲመለስ ከዜሮ እንደሚጀምር ግን ማንም ልብ አይለውም፤ ወጣት ሰው ስለ ስልሳ ዓመቱ ምን አሳሰበው? ቅጹን የምሞላላቸው እኔ ነበርኩ። እጄ ፈጣን ነው፤ ከሌላ ዳቦ ቤት ሳይቀር ይመጡብኝ ነበር፣ እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

መህራንም አወጣ። የአሥራ ሦስት ዓመት መዋጮውን አውጥቶ ለዓዋጢፍ እግር አስዩጥ ሆስፒታል ወሰደው። ቀዶ ሕክምናው አልሠራም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በሁለት ሺህ ስምንት በፌብሩዋሪ ተመልሶ መጣና ስሙን እንደ አዲስ ሠራተኛ አስገባሁት። ወር አንድ። ያን ጊዜ ሁለታችንም ምንም አልመሰለንም።

አሥር ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ኮምፒውተሬ ላይ «ይህ ሠራተኛ ስልሳ ዓመት ስለሞላው የመድን ሽፋኑ ይቆማል» የሚል መልእክት መጣ። ጠራሁት።

«ዓም መህራን፣ ስልሳ ሞልቶሃል እኮ።»

«ማን? እኔ?» ሳቀ። «ሃምሳ ሰባት ነኝ። እናቴን ጠይቂያት እንዳልልሽ ሞታለች።»

«ፓስፖርትህ ስልሳ ይላል።»

«እሱ ወንድሜ ነው» አለኝ።

ግራ ገባኝ። ተቀመጠና አስረዳኝ። ከእሱ በፊት የተወለደ መህራን የሚባል ወንድም ነበረው፤ በሁለት ዓመቱ ሞተ። አባቱ ሞቱን ለማስመዝገብ ከተማ አልሄደም። በዓመቱ እሱ ሲወለድም ለማስመዝገብ ከተማ አልሄደም፤ የሟቹን ስም ከነልደት ወረቀቱ ሰጠው። ከተማ መውጣት አንድ የሥራ ቀን ያስቃጥላል። መንደሩ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ሞልቷል አለኝ፣ የጎረቤታቸው ልጅማ የሴት ወረቀት ይዞ አድጎ ወታደር ሳይሆን ቀርቷል። እሱ ግን በሦስት ዓመት ቀድሞ ወታደር ሆነ። «አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሻምበሉ ጢምህን ላጨኸው እንዴ ብሎ በጥፊ አጮለኝ፤ ገና አልበቀለም ብለው ማን ያምነኛል?»

ሁለታችንም ሳቅን። መሳቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መሥሪያ ቤቱ ሄጄ ጠየቅሁ። ዕድሜ ማለት መጀመሪያ ስትመዘገቡ ያመጣችሁት ወረቀት ላይ ያለው ነው፣ ከዚያ በኋላ የፍርድ ቤት ወረቀትም ብታመጡ አይለወጥም አሉኝ። የወሰደውን መዋጮ ልመልስ ቢልስ? ጊዜው አልፏል አሉኝ። ከኪሱ እየከፈለ ቢቀጥልስ? እሱ ለአገሬው ተወላጅ ነው አሉኝ። አንድ በር ብቻ ክፍት ነበር። ስልሳ ሞልቶት ወሩ ያልሞላለት ሠራተኛ፣ አሠሪው ካቆየው፣ እስከ ስልሳ አምስት ዓመቱ ድረስ በዝርዝር ላይ መቆየት ይችላል። ጡረታ ለማግኘት መቶ ሰማንያ ወር ያስፈልጋል።

ያን ቀን ማታ በጠረጴዛ መብራቴ ሥር ተቀምጠን ቆጠርን። ወረቀቱ የተወለደው በጁን አንድ ነው። ስልሳ አምስት እስኪሞላው አንድም ወር ካልጎደለ መቶ ሰማንያ አራት ይሆናል።

«አራት ወር ይተርፈናል!» አልኩት።

መህራን በጣቶቹ ደግሞ ቆጠረ። ከዚያ ዱቄት የነካውን መዳፉን አየ። «ስለዚህ ናጋት ታገኛለች» አለ። «እኔ ስሞት ናጋት፣ ናጋት ስትሞት ዓዋጢፍ። መራመድ ለማትችል ልጅ ዕድሜ ልክ ነው ብለሽኛል አይደል?»

«ዕድሜ ልክ ነው።»

«እኔ ከሞትኩ በኋላም ዳቦ እየጋገርኩላት ነው ማለት ነው።» በማግሥቱ አንድ ትሪ ባስቡሳ ገዝቶ መጣ፤ የሶሃግ ሰው ጣፋጭ ሲገዛ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጀመሪያ መጥቶ «ስንት ገባን?» ይለኛል። መቶ ሃያ ስድስት። መቶ አርባ። መቶ ስልሳ ሁለት። ሳል ያዘው፤ የዱቄት ሳል ነው፣ ጋጋሪ ሁሉ ይስላል። ከትከሻው በላይ ክንዱን ማንሳት አቃተው። ወደ አገር መሄድም ተወ፤ እሄዳለሁ ብሎ ወር እንዳይጎድልበት ፈራ። የናጋት እናት ስትሞት አልሄደም።

ኦክቶበር ላይ መቶ ሰባ ሰባት ገባን። ሦስት ቀረ።

በዚያው ሰሞን ሐጅ ነውፋን ወደ ክፍሌ መጥቶ በሩን ዘጋ። በሩን ሲዘጋ ነገር አለ ማለት ነው። ሁለተኛ ዳቦ ቤት ሊከፍት ነው፣ ወጪ በዝቶበታል።

«የግብፆቹ ፈቃድ ታድሷል አይደል?» አለኝ።

«ባለፈው ወር ታድሷል፣ ሐጅ።»

«እንግዲያው እስከሚቀጥለው ዓመት የሚጠይቀን የለም። ዘጠኙንም ከዋስትናው አውጫቸው። ሥራ ለቀዋል በይ። ብርዱ ይለፍና በኤፕሪል ትመልሻቸዋለሽ።»

«እየሠሩ?»

«አይ፣ አስፋልት ላይ እየጨፈሩ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«ሐጅ፣ ዓም መህራን ሦስት ወር ነው የቀረው። እሱን ልተወው። አንድ ሰው ነው።»

አሰበ፤ እውነቱን ልናገር፣ አስቦበታል። «አንድ ጋጋሪ ብቻ ካስቀረሽ» አለኝ፣ «ተቆጣጣሪው መጥቶ ይህን ሁሉ ዳቦ አንድ ሽማግሌ ነው የሚጋግረው? ይልሻል። ወይ ሁሉም ወይ ማንም።»

«አንድ ወር ቢጎድልበት እንኳ...»

«ኡም ጃድ» አለ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «አንቺስ ስንት ቀረሽ?»

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ልናገር። የመጀመሪያዎቹን ስምንት ዓመታት ሐጅ አላስመዘገበኝም። ግብፆቹን ማስመዝገብ ግድ ነው፣ ያለዚያ ፈቃድ አይታደስም። ጓዳ ለተቀመጠች ያገሬው ሴት ግን ማን ይጠይቅላታል? ለምኜ ለምኜ ነው ዘግይቶ የገባሁት። እኔም መቶ ሰማንያ እየቆጠርኩ ነበር። በዚያን ጊዜ ሃያ ወር ይቀረኝ ነበር፣ ዕድሜዬ ሃምሳ ሦስት፣ ባሌ ጀርባው ተሰብሮ ቤት የዋለ። ሐጅ ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ዘጠኙንም «ሥራ ለቋል» ብዬ አወጣኋቸው። የመህራንን ስም መጨረሻ ላይ አደረግሁት። በግድግዳው ማዶ የሊጥ ማቡኪያው ሲዞርና እሱ ሲስል ይሰማኝ ነበር። እጅ እግሬ ተሳስሮ አይደለም፤ እጄ እንደ ድሮው ፈጣን ነበር።

አልነገርኩትም። ከኖቬምበር እስከ ማርች አምስት ወር ሲቀነስ የተረፉን አራት ወሮች አይበቁም፣ አንድ ይጎድላል፤ ያን አንድ ወር ሐጅ በማርች እንዲመልስልኝ እለምነዋለሁ፣ እሱም እሺ ይላል፣ መህራንም ሳያውቀው ነገሩ ያልፋል ብዬ ራሴን አታለልኩ። በጃኑዋሪ መጨረሻ መህራን አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ነበር የመጣው። ፂሙን ተላጭቷል።

«ሞላ!» አለኝ ገና በሩ ላይ ሆኖ። «መቶ ሰማንያ! ለናጋት ደውዬ እልል አስብያታለሁ። ነይ ወረቀቱን አሳዪኝ።»

«ገና... ገና መዝገቡ አልወጣም፣ ዓም መህራን።»

«መቼ ይወጣል?»

«ይዘገያል። ታውቃቸው የለ።»

«እንግዲህ ካልወጣ ምን እናደርጋለን» ብሎ ሸሚዙን እንዳያቆሽሽ አውልቆ አጣጠፈውና በካናቴራ ወደ ምድጃው ተመለሰ። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

በማርች ሐጅን ለመንኩት። ለሁለት ቀን ያህል ለመንኩት። «ኤፕሪል ብዬሻለሁ» አለኝ። በኤፕሪል ዘጠኙን ሁሉ መለስኳቸው። መቶ ሰባ ስምንት። ሜይ ሲገባ መቶ ሰባ ዘጠኝ። ጁን አንድ፣ ሐሙስ ቀን፣ ወረቀቱ ስልሳ አምስት ይሞላዋል፣ በሩም ይዘጋል።

ሐሙስ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሁሉንም ነገርኩት። ቆሞ ነበር የሰማኝ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመታኝም እችለው ነበር። «ለቋል ብለሽ ጻፍሽ?» አለኝ ብቻ። «እዚህ ግድግዳ ማዶ ሆኜ?»

«አዎ።»

«ሲያስለኝ አትሰሚም ነበር?»

ቦርሳዬን አነሳሁ።

አብረን መሥሪያ ቤቱ ሄድን። መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ ደግ ነበረች፤ ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። መዝገቡን አየች፣ ከንፈሯን መጠጠች። «አንድ ወር!» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባቴ፣ በእነዚያ አምስት ወሮች ሠርተህ ነበር?»

«አንድም ቀን አልቀረሁም።»

«እንግዲያው ክስ ታቀርባለህ። ተቆጣጣሪ ይመጣል። አንዱን ወር ብቻ ብታስረዳ ይበቃሃል። ግን ምስክር ያስፈልግሃል፤ ከሁሉ የሚሻለው ዝርዝሩን የሚልከው ሰው የጻፍኩት ውሸት ነው ብሎ ቢፈርም ነው። ጸሐፊያችሁ ማነው?»

መህራን ወደ እኔ አልዞረም። መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ የሚያነብ መሰለ፤ ማንበብ ግን አይችልም።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ጥሩ፤ ቅጹ ይኸው» አለችና በመስኮቱ ሥር ገፋችልኝ።

ቅጹ አንድ ገጽ ነው። እንዲያ ያለ ቅጽ ሦስት ደቂቃ አይፈጅብኝም። ከፈረምኩ ሐጅ በዚያው ቀን ያባርረኛል፤ አሥራ አራት ወር ይቀረኛል፤ ሃምሳ አራት ዓመት የሞላትን፣ አሠሪዋን የከሰሰች ጸሐፊ ማን ይቀጥራል? ደግሞስ ውሸቱን የጻፍኩት እኔ አይደለሁ? ይህን ሁሉ ያሰብኩት ብዕሩን ይዤ ነው።

«ሐጅን መጀመሪያ እናናግረው» አልኩ። «ደብዳቤ ከጻፈልን ክስ አያስፈልግም።»

መህራን ያን ጊዜ አየኝ። ብዙ አላየኝም። «እሺ፣ እናናግረው» አለ።

ሐጅ ሻይ አዘዘልን። መህራን ወንድሜ ነው አለ፣ ከወንድምም በላይ ነው አለ፣ እንባም የመጣው መሰለ። ለአንዱ ደብዳቤ ከጻፈ ግን ለዘጠኝ ሰው ለአምስት ወር መቀጮ በራሱ ላይ መጥራቱ ነው። ወደ አገሩ የሚመለስበትን የመርከብ ትኬት እኔ እቆርጥለታለሁ፣ ለልጅቱም ተሽከርካሪ ወንበር እሰጣለሁ አለ። ወንበሩን በእርግጥ ሰጠ፤ ይህን አልክድም።

ከሐጅ ክፍል ስንወጣ መህራን ጆንያው ላይ ተቀመጠ። እኔ ያልፈረምኩትን ቅጽ ከቦርሳዬ አወጣሁ። አወጣሁት፤ ግን ዘርግቼ አልሰጠሁትም፣ እንዲያየው ብቻ ነው የያዝኩት።

«መልሺው» አለኝ። «ባልሽ አልጋ ላይ ነው። ያንቺንም አውቃለሁ እኮ፣ አሥራ አራት ወር። እኔ የራሴን ስቆጥር ያንቺንም እቆጥርልሽ ነበር።»

«ዓም መህራን...»

«መልሺው አልኩሽ፣ እህቴ።»

መለስኩት። ሁለተኛ እንዲነግረኝ እንኳ አልጠበቅሁም። ወደ ቦርሳዬ የገባበት ፍጥነት ዛሬም ያሳፍረኛል።

የሌላ ሰው ጉዳይ የሚጠይቅ ይመስል፣ እንዲህ አለኝ። «ኡም ጃድ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። ሰው በዝርዝሩ ላይ እያለ ቢሞትስ? ወሩ ሳይሞላ?»

«አባባልህ አልገባኝም።»

«ገብቶሻል።»

ገብቶኛል። በዝርዝሩ ላይ ያለ ሠራተኛ ቢሞት ወሩ መቶ ሰማንያ ባይሞላም ለቤተሰቡ ጡረታ ይወሰናል። ለሚስት፣ ለማትራመድ ልጅ። ለስንት ሬሳ ይህንኑ ቅጽ ሞልቻለሁ።

«ያገኛሉ» አልኩት።

«ከሐሙስ በፊት ከሆነ?»

«ከሐሙስ በፊት ከሆነ።»

«ከሐሙስ በኋላስ?»

«ከሐሙስ በኋላ ሠራተኛ አይደለህም።»

ራሱን ነቀነቀ፤ የገበያ ዋጋ እንደተነገረው ሰው። ከዚያ ፈገግ አለ። «ወንድሜ እኮ ብልህ ነው፤ በጊዜ ሞተ» አለና ሊጡ ከልክ በላይ እንዳይቦካበት ተነስቶ ሄደ።

እነዚያን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እኔ አውቃለሁ። ማቡኪያው ድምፁን በቀየረ ቁጥር ከወንበሬ እነሳለሁ። ምድጃው ፊት ሲያጎነብስ እሮጣለሁ። ሰበብ እፈጥራለሁ፤ ሻይ ይዤለት እሄዳለሁ፣ ያልጠፋ መቀስ እፈልጋለሁ። ማክሰኞ ለታ ሻዩን ተቀብሎኝ «ምድጃ ውስጥ እገባለሁ ብለሽ ነው የምትጠብቂኝ?» አለኝ።

«ኧረ እኔ...»

«ተይ። እኔ አላህን የምፈራ ሰው ነኝ። በገዛ እጄ እንዲህ ያለ ነገር አላደርግም።» ሻዩን ፉት አለ። «ግን ጸልያለሁ። አልዋሽሽም። ጎህ ሲቀድ ሁልጊዜ ከሐሙስ በፊት ውሰደኝ እላለሁ። መለመን ኃጢአት ከሆነም ይቅር ይለኛል፣ ለማን ብዬ እንደሆነ ያውቃል።»

እውነቱን ልናገር? ረቡዕ ምሽት ወደ ቤቴ ስሄድ እኔም ያንኑ ጸለይኩ። አንድ ሰው ተኝቶ እንዲቀር ጸለይኩ፣ የሙሉኪያዬን ግማሽ የሚበላ ሰው። ክፋት ይሁን ርኅራኄ አላውቅም። ምናልባት ቅጹን ካለመፈረሜ የሚገላግለኝ ያ ብቻ ሆኖ ታይቶኝ ይሆናል።

ሐሙስ ጠዋት መጣ። በሬን በክርኑ አልገፋም፤ አንኳኳ። ልብሱን ቀይሯል፣ ዓይኑ ቀልቷል። በሩ ላይ ቆሞ፣ አጥፍቶ እንደመጣ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ «አልሰማኝም» አለኝ።

አጠገቤ አስቀምጬ የመጨረሻውን ቅጽ ሞላሁለት። ከሥራ የተለየበት ምክንያት፦ ዕድሜ። የተዋጣለትን ባንድ ጊዜ ወስዶ እንደሚሄድ በአውራ ጣቱ ፈረመ። ቀለሙን ሱሪው ላይ ጠረገ። ስምንቱ ግብፆች ተራ በተራ አቅፈው ሳሙት፤ ተሽከርካሪ ወንበሩን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አስሮ ወደ አቃባ ወደብ ሄደ። ከዚያ በመርከብ ኑወይባ፣ ከዚያ ሶሃግ። ለእኔ ምንም አላለኝም ማለት አልችልም፤ «ሙሉኪያውን ክተፊው» አለኝ።

አርባ ሰባት ቀን ኖረ። ሳሉ ነው ያሉኝ፣ ሌሊት ተኝቶ አልነቃም። ሰማሁ፣ ግን አልደወልኩም፤ ምን ብዬ እደውላለሁ?

ናጋት ደወለች። ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ቀጭን ነው፣ የልጅ ይመስላል። ኡም ጃድ ነሽ? ብላ አረጋገጠች። ስለ እኔ ብዙ እንደነገራት፣ ስለ ሙሉኪያዬም እንደነገራት አወራችኝ። ከጀርባዋ ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማል። 

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ እህቴ» አለችኝ። «እዚህ የሚያውቁ ሰዎች አንድ ነገር ነገሩኝ። መህራን እዚያ እናንተ ዘንድ ሥራ ላይ ሆኖ ቢሞት ኖሮ ለዓዋጢፍ ዕድሜ ልኳን ይከፈላት ነበር ይላሉ። እውነት ነው? እሱም ከመጣ ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ይቅር በዪኝ፣ ይቅር በዪኝ ይለኝ ነበር። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። በመምጣቱ ነው እንዴ ይቅርታ የሚለኝ?»

ያን ሁሉ ዓመት ሰው የጠየቀኝን ደንብ አንዲት ቃል ሳላጎድል ተናግሬያለሁ። ወደ ኮምፒውተሩ አየሁ። ገና አሥራ ሁለት ወር ይቀረኝ ነበር።

«ውሸት ነው» አልኳት። «እዚህ ቢሞትም አንድ ነበር። ምንም አታገኙም ነበር።»

ረጅም ተነፈሰች። ሸክም እንዳወረደ ሰው ነበር የተነፈሰችው።

«ተመስገን» አለችኝ። «እንኳን እጄ ላይ ሞተ።»